ክሱና ካዝናው በአንድ ጉባኤ ይነገሩ

ሰሞኑን በጎንደር ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ከተማይቱን የሚወዱ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ስለዚህ በአክብሮት ልመልስላቸው ተነሣሁ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የመምሪያ ኃላፊዎች በከተማው ምክር ቤት ፊት እየቆሙ ስለ ከተማው ገንዘብና ስለ ፍርድ ቤት ጉዳዮቹ በዝርዝር ሪፖርት ማቅረባቸው ይቅር። ምክንያታቸውን ሲዘረዝሩ፣ ሪፖርት የሥራ ጊዜ ይበላል፣ ከንቲባው ስለ ሁሉም ቢናገሩ ይበቃል፣ አፈጻጸሙ በመቶኛ ከተገለጸ ዝርዝሩ ትርፍ ነው፣ ክስ በጉባኤ ከተነሣ ለተከራካሪው ወገን መሣሪያ ማቀበል ይሆናል፣ ገንዘቡን ኦዲተር ያየዋል፣ ሕዝቡም ቢነገረው ቁጥር አይገባውም ይላሉ። በመጨረሻም አካባቢያችን ያለበትን ሁኔታ ጠቅሰው ጊዜው የሪፖርት አይደለም ብለው ይደመድማሉ።

እኔ 26 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ኖሬአለሁ። የገንዘብ መቀበያ ደረሰኙን ሞዴል 64 ስቆርጥ፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙን ሞዴል 19 ከዕቃ ወጪው ሞዴል 22 ጋር ሳመሳክር፣ ሰኔ 30 ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ካዝና ስቆጥር ያረጀሁ ሰው ነኝ። የምጽፈውም በእጄ ካለፈው ሰነድ ተነሥቼ ነው።

የጊዜው ነገር ብዙም አያቆየንም። ጸሐፊው የግማሽ ዓመቱ ጉባኤ ከተማው ለጥምቀት ሽር ጉድ ከሚልበት ሰሞን ጋር እንደሚጋጭ ያስታውሳሉ። እውነት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ ግማሹ የሚያልቀው ታኅሣሥ 30 ቀን ነው፤ ከዚያ በ10ኛው ቀን ከተራ ነው። የቀሃ ውኃ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚገባው፣ መንገዱ የሚጠረገው፣ እንግዳው የሚጎርፈው በዚያው ሰሞን ነው። ጉባኤው ወደ ጥር መጨረሻ ይገፋ ቢባል አልቃወምም። ይቅር ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሒሳቡን በየወሩ የሚዘጋ መምሪያ ሪፖርት ለማዘጋጀት ብዙ ቀን አይፈጅበትም፤ የግማሽ ዓመቱ ቁጥር የስድስቱ ወርኃዊ መዝጊያዎች ድምር ነውና። ሪፖርት ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ሥራ የሚፈታ መምሪያ ካለ መዝገቡ በወቅቱ አልተሠራም ማለት ነው፤ ምክር ቤቱ አስቀድሞ ሊሰማ የሚገባውም ይህንኑ ነው።

ከንቲባው ስለ ሁሉም ይናገሩ ለሚለው መልሴ የሚጀምረው ከፊርማ ነው። ከንቲባ የከተማውን አቅጣጫ ያሳያል፤ በየመምሪያው ክፍያ ላይ የሚፈርመው ግን ኃላፊው ነው። ምክር ቤቱ የካቢኔ አባላትን ሹመት ሲያጸድቅ እያንዳንዱን በስሙ ነው፤ ሲጠይቅም በስሙ ሊጠይቀው ይገባል። ከዚህ ሌላ አንድ የሒሳብ ምክንያት አለ። የገቢዎች መምሪያ ይህን ያህል ሰበሰብኩ ይላል። የገንዘብ መምሪያ ይህን ያህል ገቢ ሆነልኝ ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው። ሁለቱ ኃላፊዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ፣ አንዱ የሌላውን እየሰማ ሲያቀርቡ ልዩነት ካለ እዚያው ይታያል፤ ደረሰኝ የተቆረጠለት ገንዘብ ባንክ ሳይደርስ የት እንደቆየ ይጠየቃል። በአንድ አፍ ከተነገሩ ግን ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ሆነው ይመጣሉ፤ ልዩነቱ ከአዳራሹ ውጭ ይቀራል። ይህን የምለው ከንቲባን ለመጠርጠር አይደለም። ሒሳብ ማስታረቅ የሙያችን የዕለት እንጀራ ነው፤ ሁለት ምንጭ ከሌለ ደግሞ የሚታረቅ ነገር የለም።

የመቶኛውን ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት። ጸሐፊው አፈጻጸሙ 97 ከመቶ ነው ከተባለ ሌላው ዝርዝር ለምን ያስፈልጋል ብለው ይጠይቃሉ። መቶኛ የሚነግረን በዕቅዱና በክንውኑ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። ዕቅዱ ሲታቀድ ዝቅ ተደርጎ ከሆነ 97 ከመቶው ትንሽ ነገር ነው፤ ዕቅዱ ከፍ ያለ ከሆነም 70 ከመቶው ትልቅ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ከዚያም በላይ የአንድ ከተማ አስተዳደር ሁለት ኪስ አለው። አንደኛው የመንግሥት በጀት የሚባለው ነው፤ ከክልሉ በድጎማ የሚመጣውንና ከግብር የሚሰበሰበውን ይይዛል፤ ትምህርት ቤቱንና ጤና ጣቢያውን የመሳሰሉት የሚተዳደሩበት ሲሆን አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ነው፤ ሊዝ፣ የቦታ ኪራይ፣ የገበያ ቦታ፣ የቄራና የልዩ ልዩ አገልግሎት ክፍያ የሚገባበት። የውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚከፈተው፣ ጌጠኛ ድንጋይ የሚነጠፈው፣ የጎርፍ ቦይ የሚቆፈረው፣ ቆሻሻ የሚነሣው በዋነኛነት ከዚህ ነው። ሁለቱ ኪሶች በአንድ መቶኛ ውስጥ ከተደባለቁ ደመወዝ በወቅቱ መከፈሉ የመንገዱን መዘግየት ይሸፍነዋል። ደመወዝ ሁልጊዜ ይከፈላል፤ ስለዚህ መቶኛው ሁልጊዜ ያምራል።

ከማዘጋጃ ቤታዊው ገቢ ውስጥ ደግሞ ሊዝ ለብቻው መነገር አለበት። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ቦታ በጨረታ ያገኘ ሰው ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ 10 ከመቶውን በቅድሚያ ይከፍላል፤ ቀሪውን በዓመታት ያጠናቅቃል። ለመኖሪያ ቤት የተሰጠ ቦታ የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። እንግዲህ አንድ ከተማ በአንድ ዓመት ብዙ ቦታ አውጥቶ የገቢ ዕቅዱን 120 ከመቶ አሳካ እንበል። ደስ ሊለን ይገባል ወይ? በአዘዞም ሆነ በማራኪ መሬት በየዓመቱ አይበቅልም። የነጋዴው ግብርና የአገልግሎት ክፍያው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው ይመጣሉ፤ የተሰጠ ቦታ ግን በእኛ ዕድሜ አይመለስም። ከሊዙ የተገኘው ገንዘብ ለዕለት ወጪ ከዋለ ከተማው ጥሪቱን እየበላ ነው። 120 ከመቶ የሚለው ቁጥር ይህን አይናገርም። የሚታወቀው ኃላፊው ቆመው ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ ሊዝ ነው፣ ይህን ያህሉ በየዓመቱ የሚገኝ ነው፣ ከቀድሞ ውሎች ያልተሰበሰበው ውዝፍ ደግሞ ይህን ያህል ነው ሲሉ ነው። ጸሐፊው ትርፍ ያሉት ዝርዝር ይኸው ነው።

በወጪው በኩልም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ያህል 10 ሚሊዮን ብር የተመደበለት የጌጠኛ ድንጋይ መንገድ እናስብ። ተቋራጩ 30 ከመቶ ቅድሚያ ክፍያ ወሰደ። የገንዘብ አፈጻጸሙ 30 ከመቶ ተብሎ ተጻፈ፤ በመሬት ላይ ግን አንድ ድንጋይ አልተቀመጠም። ሰኔ ሲደርስ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ ድንጋይና አሸዋ ይገዛል፤ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፤ የገንዘብ አፈጻጸሙ ወደ 90 ከመቶ ይደርሳል። መንገዱ አሁንም ጭቃ ነው። ነሐሴ ላይ በዚያ መንገድ ልጇን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ ለምትሄድ እናት የገንዘብ አፈጻጸሙ 90 ከመቶ ነው ቢሏት ምን ይጠቅማታል? እንዲህ ያለ ሰኔ ብዙ አሳልፌአለሁ፤ ቁጥሩ ሲያምር ሥራው እንዳልተሠራ እያወቅሁ ፈርሜአለሁ፤ የሥራው አፈጻጸም ከገንዘቡ ጎን ለጎን እንዲቀርብ አጥብቄ የምጠይቀውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጸሐፊው የፍርድ ቤት ጉዳይ በጉባኤ መነሣቱ ከተማውን ይጎዳል ብለዋል። ግማሹን እቀበላቸዋለሁ። የከተማው ነገረ ፈጅ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያነሣው መከራከሪያ፣ የሚጠራው ምስክር፣ ነገሩን በስምምነት ለመጨረስ እስከ ስንት ብር እንደሚሄድ በጉባኤ አይነገርም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 በሕግ ምስጢርነቱ የተጠበቀ ሰነድ እንዳይገለጥ የሚፈቅደው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የሚሻ ካለ ተሳስቷል።

ነገር ግን ከተማው በማን ተከሰሰ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት፣ በስንት ብር፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ተፈረደ የሚሉት ምን ምስጢር አላቸው? ችሎት በግልጽ ይዋላል። ተከራካሪው ወገን ክሱን ራሱ ጽፎታል፤ መልሱም ደርሶታል። ከእርሱ የተሰወረ ነገር የለም። ጉባኤው ዝም ሲል የሚሰወረው ከነዋሪው ብቻ ነው፤ ሲፈረድ ከፋዩ ደግሞ ነዋሪው ነው።

ይህን ጉዳይ አጥብቄ የያዝኩት በአንድ ወረቀት ምክንያት ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠቅስም፤ ጎንደር ውስጥ ግን አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት ከፍርድ ቤት የተፈረደባችሁን ክፈሉ የሚል የአፈጻጸም ትእዛዝ ይዞ መልእክተኛ መጣ። ነገሩን ወደ ኋላ ስንመረምር ታሪኩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። አንድ ተቋራጭ ቀሪ ክፍያውን ጠይቆ ከሶ ነበር። መጥሪያው መዝገብ ቤት ደርሷል። ወደ ሕግ ክፍል ተመርቷል። የሕግ ባለሙያው በዝውውር ሄዷል፤ ተተኪ አልተመደበም። መሥሪያ ቤቱ ስላልቀረበ ክርክሩ በሌለበት ታየና ተፈረደበት። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ለይግባኝ የሚሰጠው 60 ቀንም አለፈ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔ በየሩብ ዓመቱ የገንዘብ ሪፖርት አዘጋጅ ነበር፤ በሪፖርቴ ውስጥ ያ ዕዳ አንድም ቀን አልታየም። የሕግ ክፍሉም በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ያቀርብ ነበር፤ በእርሱ ውስጥ ጉዳዩ በመዝገብ ቁጥሩ ተጠቅሶ በሂደት ላይ ተብሏል፤ የብሩ መጠን አልተጻፈም። ሁለታችንም አልዋሸንም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው ግን አልነበረም። ገንዘቡ በመጨረሻ የተከፈለው ለአንድ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ከተያዘው በጀት ተዛውሮ ነው። የክፍያ ማዘዣውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ያን ትምህርት ቤት ባለፍኩበት ቁጥር ዓይኔ ወደ ግቢው ጥግ ይሄድ ነበር።

ይህ የአንድ ቸልተኛ ሰው ጥፋት ብቻ ሆኖ አላየሁትም፤ ከሒሳብ አያያዛችን የሚመጣ ነገር አለበት። የመንግሥት ሒሳብ የሚያዘው በተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ ሥርዓት ነው፤ በጥቅሉ ሲታይ ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ ይመዘገባል እንጂ በችሎት ላይ ያለ፣ ነገ ሊመጣም ላይመጣም የሚችል ዕዳ በመዝገቡ ቦታ የለውም። የሕግ ክፍል ደግሞ ነገሩን የሚቆጥረው በመዝገብ ብዛት ነው፤ ይህን ያህል ተከፈተ፣ ይህን ያህል ተዘጋ። ዕዳው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ወድቆ ይተኛል፤ የሚነቃው የአፈጻጸም ትእዛዝ ሲመጣ ነው። የገንዘብ መምሪያና የፍትሕ መምሪያ ኃላፊዎች በአንድ ጉባኤ፣ አንዱ የሌላውን ቁጥር እየሰማ ያቅርቡ የምለው ለዚህ ነው። ጸሐፊው ሁለቱንም አንድ ላይ ይቅሩ ብለዋል፤ እኔ ሁለቱም አንድ ላይ ይቅረቡ እላለሁ።

ዕዳው ተኝቶ ሳለም ያድጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገንዘብ መክፈል ያዘገየ ባለዕዳ ሕጋዊውን ወለድ እንዲከፍል ያዛል፤ ወለዱም በዓመት 9 ከመቶ ነው። 10 ሚሊዮን ብር የተጠየቀበት ክርክር አምስት ዓመት ተጎትቶ በመጨረሻ ቢፈረድ ወለዱ ብቻ 4 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ይሆናል። ወጪና ኪሣራ አልተጨመረበትም። ክርክሩ እንደማያዋጣ በመጀመሪያው ዓመት ለምክር ቤት ተነግሮ በስምምነት ቢጨረስ ይህ ሁሉ በዳነ። ነገረ ፈጆች እየተሸነፉ እንደሆነ ቢያውቁም እስከ ሰበር ይገፋሉ፤ ክፈል ብሎ መወሰን ያስጠይቃል ብለው ይፈራሉና። ይህን ፍርሃት ከትከሻቸው ሊያነሣላቸው የሚችለው ጉዳዩን በግልጽ ሰምቶ ድጋፉን የሚሰጥ ምክር ቤት ነው።

የካሳውንም ነገር እንመልከት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ይደነግጋል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161ም ዝርዝሩን ይዟል። ስለዚህ ካሳ ሳይከፈል የተጀመረ መንገድ ሁሉ ወደፊት የሚመጣ ክስ ነው። በዚህ ዓመት የገንዘብ ሪፖርት ቁጠባ መስሎ የታየው ከሁለት ዓመት በኋላ በሕግ ሪፖርቱ ላይ ክስ ሆኖ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ኃላፊውም ሌላ ሰው ናቸው። በአንጻሩ ከተማው ከሶ የረታባቸው ጉዳዮችም አሉ፤ የረታ ሁሉ ገንዘቡን ሰበሰበ ማለት ግን አይደለም። የፍርድ አፈጻጸም በ10 ዓመት ውስጥ ካልተጠየቀ መብቱ ይቀራል። ተፈርዶለት በቸልታ የሚቀር የሕዝብ ገንዘብ እንዳይኖር የሚጠይቅ አንድ ሰው በአዳራሹ ውስጥ ያስፈልጋል።

ኦዲተር አለ ለሚለው ነጥብ፣ አዎ፣ አለ፤ ሥራቸውንም አከብራለሁ፤ ኦዲተር ፊት ሰነድ ዘርግቼ ብዙ ቀን ውያለሁ። ኦዲተር የሚመጣው ግን ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ነው። ግኝቱ ሲወጣ ገንዘቡ ወጥቷል፤ ያልተወራረደው ሒሳብ ከርሟል፤ የወሰደው ሠራተኛ ለቋል፤ የፈረሙት ኃላፊ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው። የሩብ ዓመትና የግማሽ ዓመት ሪፖርት ጥቅሙ ጅቡ በግቢ ውስጥ ሳለ መሰማቱ ነው። ደግሞም ኦዲተር አንድ ክፍያ በደንቡ መሠረት ተፈጽሟል አልተፈጸመም ይላል፤ መጀመሪያውኑ ያ መንገድ ከዚህኛው መንገድ ይቅደም የሚለውን ለመወሰን ግን ውክልና የለውም፤ እርሱ የምክር ቤቱ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይተካም። ጎንደር በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄዱት የከተሞች ልማት ፕሮግራሞች ውስጥ ስትሳተፍ ድጋፉ ከየዓመቱ ምዘና ጋር የተያያዘ ነበር፤ የሒሳብ አያያዝና የኦዲት ውጤትም ከሚታዩት ውስጥ ነበሩ። ለአበዳሪ በዝርዝር የምናሳየውን ለነዋሪው ባጭሩ እንንገረው ማለት ያሳዝነኛል።

ሕዝቡ ቁጥር አይገባውም የሚለውን ሳነብ ግን ከልቤ አዘንኩ። የምኖርበት ሰፈር ዕድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ተቆጣጣሪ አለው። በዓመቱ ስብሰባ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ጭልፋው ሳይቀር ይቆጠራል፤ የጎደለች አንዲት ብርጭቆ ትጠየቃለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕድራችን በአንድ ዕቃ አከራይ ተከሶ ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ ነገሩ በፍርድ ቤት ስለሆነ ዝርዝሩን አልናገርም ብሎ ሊያልፈው ሲል፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሥተው «ቢፈረድብንስ ከየት ልንከፍል ነው፤ ከቀብር ማስፈጸሚያው ነው?» ብለው ጠየቁ። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። እኔ 26 ዓመት ሒሳብ ስሠራ ያልጠየቅሁትን፣ ክሱንና ካዝናውን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያገናኘውን ጥያቄ ጠየቁ። በዚያው ስብሰባ ጉዳዩን በሽምግልና የሚጨርሱ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፤ በሁለት ወርም ተጨረሰ። የጽሑፉ ባለቤት ሆይ፣ ቁጥር አይገባቸውም የሚሏቸው እኚህን እናት ከሆነ እባክዎ ይመለሱበት። ሪፖርቱ እንዲገባቸው በሚችል ቋንቋ መጻፍ የአቅራቢው ግዴታ ነው።

ጎንደር ደግሞ ነገር በአደባባይ የሚነገርባት ከተማ ሆና ኖራለች። በነገሥታቱ ዘመን አዋጅ የሚታወጀው፣ ገበያውም የሚቆመው በዚያው አደባባይ ነበር፤ ሕዝቡ ሸቀጡን እየሸመተ የመንግሥቱን ቃል በጆሮው ይሰማ ነበር። ዛሬ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል። ጸሐፊው ሪፖርቱን እንደ በጎ ፈቃድ ነገር ማየታቸው ከዚህ ጋር አይሄድም።

ዝርዝር ሪፖርት ለኃላፊዎቹም ይጠቅማል፤ ይህን ጸሐፊው ጨርሶ አላነሡትም። የጎንደር ሰው ውኃ ሲጠፋ የሚያማርረው ከተማ አስተዳደሩን ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱ ለዓመታት የታወቀ ነው፤ ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ደግሞ በፌዴራል መንግሥት የሚሠራ ፕሮጀክት ነው፤ ከከተማው ኪስ የሚወጣ አይደለም። ኃላፊው ቆመው ይህ የእኛ ነው፣ ይህ የክልሉ ነው፣ ይህ የፌዴራሉ ነው ብለው በብር ለይተው ካልነገሩ ነዋሪው ማንን መጠየቅ እንዳለበት ከየት ያውቃል? ያልሠሩት ጥፋት የሚለጠፍባቸው ሰዎች ይህን አጋጣሚ ሊናፍቁት ይገባ ነበር።

የቀረው የወቅቱ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው የጠቀሱትን ችግር ሁላችንም እንኖርበታለን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ በግጭት ውስጥ ነው። ከፋሲል ግቢ ደጅ የቆመው አስጎብኚ፣ በፒያሳ ቡና የምታፈላው ሴት፣ ባለ ሆቴሉ፣ ባለ ባጃጁ ገቢያቸው ቀንሷል፤ የእነርሱ ሲቀንስ የከተማውም ይቀንሳል። የጸጥታ ወጪ ዝርዝር በይፋ አይነገር ቢባል እስማማለሁ፤ ምክር ቤቱ በዝግ ይየው። የቀረው ግን በጠባብ ጊዜ ይበልጥ ይቆጠራል። በችግር ወቅት ግዢ በጥድፊያ ይፈጸማል፣ ጨረታ ይዘለላል፣ ቅድሚያ ክፍያ ያለ ማወራረጃ ይከርማል፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይታለፋል። ዱቄቷ ያለቀባት እናት ማድጋዋን በየዕለቱ ትከፍታለች፤ ጥጋብ ሲሆን ነው ሳይከፈት የሚከርመው።

ጸሐፊው እስካሁን በቀረቡት ሪፖርቶች ምን ተለወጠ ብለው የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱም ብዙ አልተለወጠም ከሆነ አያስገርመኝም። ሰባ ገጽ ተጽፎ በአንድ ከሰዓት ከተነበበ፣ አባላቱም ወረቀቱ የደረሳቸው በዚያው ጠዋት ከሆነ ምን ይለወጣል? እኔ የምጠይቀው ያን አይደለም። ወረቀቱ ከጉባኤው አሥር ቀን አስቀድሞ ለምክር ቤቱ አባላት ይድረስ፤ የበጀት ጉዳይ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴም ጥያቄውን በጽሑፍ ያዘጋጅ። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ በአንድ ሠንጠረዥ ይቅረብ፤ ፍርድ ቤቱ፣ የክሱ ዓይነት፣ የተጠየቀው ብር፣ የተጀመረበት ቀን፣ ያለበት ደረጃ፣ የተፈረደበትም ከሆነ የተፈረደበት ምክንያት። የተከራካሪዎች ስም ባይጻፍ ግድ የለኝም።

ጸሐፊውን በሚቀጥለው የግማሽ ዓመት ጉባኤ፣ ታዛቢ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ባገኛቸው ደስ ይለኛል። ሁለቱ ኃላፊዎች ጎን ለጎን ቆመው አንዲት መስመር ሲያነቡ አብረን እንድንሰማ እፈልጋለሁ፦ ታኅሣሥ 30 ቀን በፍርድ ቤት የምንጠየቀው ጠቅላላ ገንዘብ ይህን ያህል ብር ነው፤ ለዚህ የተያዘው መጠባበቂያ ይህን ያህል ብር ነው።